ያልተቀመጥኩበት መቀመጫ

ይድረስ ለእትዬ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ለምፈራሽ፣ ከእናቴ እኩል ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ትከሻሽን የሚጠዘጥዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ባነሳሽ ቁጥር ፊትሽን ታጨማድጃለሽ? ባልሽ ጋሼስ እንዴት ነው፤ አሁንም የሰው ሰዓት እየጠገነ የራሱን የምሳ ሰዓት ይረሳል? ልጅሽስ፣ ትምህርቷስ፣ ያ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? ምርኩዟንስ ትይዛለች ወይስ እንደ ልማዷ ግድግዳ አስደግፋው ትረሳዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ሰውነቴን ማለቴ ነው፤ ጭንቅላቴስ ዞሯል። ለምን እንደዞረ እነግርሻለሁና ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አራት መስመር ናት። አንቺ መቼም ቃል እንደ ስኳር ነው የምትቆጥቢው። የአጥንት ሐኪሙ እማዬን ለጥር ሃያ ስምንት እንደቀጠራት፣ እዚህ እኔ ጋ ለመድረስ ሃያ ስድስት ሰዓት ባቡር ላይ እንደምትሆን ጽፈሽ፣ በዚያ አንተ ሁልጊዜ በምታወራለት የግል መኝታ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ትችላለች ወይስ አትችልም፣ አዎ ወይም አይ በለኝ፣ ወሬ አልፈልግም ብለሽ ዘግተሻል። እሺ እትዬ። ይኸው ለአንዲት አዎ ወይም አይ ስድስተኛ ወረቀቴን ጀመርኩ። አምስቱን ቀድጄ ጥያለሁ። አንዱ አዎ ይል ነበር፣ ሁለቱ አይ ይሉ ነበር፣ የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚሉ እኔም አላውቅም።

ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን ታውቂያለሽ፣ ስልኩን እማዬ ትነጥቅሻለች። ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ አንተ ብቻ በደንብ ብላ ትለኝና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ደግሞም ከአንቺ የምፈልገው ነገር በስልክ የሚላክ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ወደ በኋላ ትደርሺበታለሽ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላት። መጀመሪያ ለራስሽ አንብቢው፣ ከዚያ ወዲያ አንቺ ታውቂያለሽ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ የፉርጎ ጥገና ውስጥ የምሠራው የእነዚያን የግል መኝታ ክፍሎች መቀመጫ ማልበስ ነው። ስፖንጁን እቆርጣለሁ፣ ቆዳውን እወጥራለሁ፣ እሰፋለሁ። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ ምክንያቱም እኔ ጽፌያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ የብዕሩ ደግሞ ይብሳል። እኔ የሠራሁት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢደርስም መውረድ አይፈልግም ብዬ የጻፍኩላችሁ ትዝ ይልሻል? እማዬ ያችን ነገር ይዛ ለአትክልት ሻጯም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ መንገድ ለሚያሻግራት ሰው ሁሉ ሳይቀር፣ ልጄ በሠራው ወንበር ተቀምጬ ልታከም ልሄድ ነው እያለች እንደምታወራ ነግረሽኛል። ያን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያልበኛል።

ምክንያቱም፣ እትዬ፣ እኔ በዚያ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም።

አትሳቂ። የጥገና ቤታችን ሕግ ነው። ያለቀ መቀመጫ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ ሠራተኛ አይቀመጥበትም፤ የቀበቷችን ዘለበት ቆዳውን ይጭረዋል፣ የሱሪያችን ዘይት ያበላሸዋል ነው የሚሉት። ቆመን እንሠራለን፣ ቆመን እንፈትሻለን። በጡጫ ጫን ጫን አድርገን ወደ ቦታው ሲመለስ ካየን በቃ። ከዚያ አለቃችን ይመጣል። ውሃልክ ነው የምንለው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያችን ውሃ ልክ በደረት ኪሱ እንደ ብዕር ሰክቶ ነው የኖረው። መቀመጫው ላይ ያጋድማታል፣ አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ራሱን ይነቀንቅና ያልፋል። መቀመጫው ማታ መደገፊያው ይወርድበትና አልጋ ይሆናላ! አንድ ጣት እንኳ ቢያዘቀዝቅ ተሳፋሪው ሲንከባለል ያድራል። ስለዚህ ለመኝታው ልክ ነው። ስለ መቀመጡ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኸ መሆን አለበት።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አዎ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ። አላውቅማ! በማግስቱ ውሃልክ ዘንድ ሄጄ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። ለምንድን ነው ሲለኝ ለመቀመጥ ነው አልኩት። ያመመኝ መሰለው መሰለኝ፣ በአንድ ዓይኑ እኔን እያየ በአንድ ዓይኑ ፈረመልኝ።

ጠዋት በሚነሳው ባቡር ሄድኩ። የፉርጎው አስተናጋጅ ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ እስከ አራተኛው ጣቢያ ድረስ ያልተያዘ አንድ ክፍል ነበራትና ነገሬን ሰምታ አስገባችኝ። አምስት ሰዓት መንገድ ነው። ክፍሉን እንደሁ ባዶውን ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እንደ ተሳፋሪ ስገባ ግን አዲስ ሆነብኝ። በሩ ይንሸራተታል። በአንድ በኩል የእኔ ረጅም መቀመጫ አለ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ የሚደርስ። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ታጣፊ ወንበር አለች። በመካከላቸው ከመስኮቱ ሥር የምትዘረጋ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ክዳን ያለው የእጅ መታጠቢያ፣ መስታወት፣ ሁለት ማንጠልጠያ፣ አስተናጋጇን መጥሪያ ደወል። ጎንበስ ብዬ የማን ስፌት እንደሆነ አየሁ። የራሴ ነው። ጥጉ ላይ ክሩን ሁለቴ ቋጥሬ አንዴ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ፤ እንዲያ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ሱሪዬን አራግፌ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ሰዓት ምን ልበልሽ፣ አልጋ በአልጋ ሆነልኝ። በመስኮቱ ሜዳውን እያየሁ፣ ወይ እኔ ስንቱን ሰው አስደስቻለሁ እያልኩ ነበር። ከዚያ ደገፍ ልበል ብዬ ወደ ኋላ ስሸሽ እግሮቼ ከወለሉ ተነሱ። መቀመጫው ለአልጋ ተብሎ ሦስት ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። እግሬን መሬት ላስረግጥ ብዬ ወደ ፊት ስመጣ ደግሞ ጀርባዬ አየር ተደገፈ። መሃል ላይ ልሁን ስል ጎበጥኩ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መቀመጫዬ ደነዘዘ፣ የሰው መሰለኝ። ስፖንጁን እንዲያ ያጠነከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ለተኛ ሰው ጠንካራ ይሻላል ተብሎ።

ተነስቼ ወደ ታጣፊዋ ወንበር ሄድኩ። ያችን ወንበር እኛ ዞር ብለንም አናያትም፤ ማሽን ነው የሚያወጣት። ብታዪ እትዬ፣ ተመቸችኝ! እግሬ ወለሉን ረገጠ፣ ጀርባዬ ቀጥ አለ። በወንበር የቀናሁ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ይኸው ተገኘ፣ እማዬ እዚህ ላይ ትቀመጣለች ብዬ ሳልጨርስ ባቡሩ ጥምዝ ላይ ደረሰና ወዘወዘን። ወንበሯ የእጅ መያዣ የላትም። ጠረጴዛው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ፣ እብጠቱ እስካሁን አለ። ይህ በእማዬ ቢደርስስ? ወደ ረጅሙ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ በጎኔ ዞሬ መስኮቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ተደግፌ አንድ እግሬን ላይ አንድ እግሬን ታች አድርጌ ሞከርኩ። እንዲያ ሲሆን ደህና ነው፤ ግን በአንዱ ዳሌ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። እንደገና ግራ ገባኝ።

አስተናጋጇ በሩን ስትከፍት ተንበርክኬ መቀመጫውን በስንዝር ስለካ አገኘችኝ። የጠፋብኝ ዕቃ ያለ መስሏት ነበር። ስነግራት ሳቀች። ሰዎች ይህን ክፍል የሚይዙት ለመተኛት ነው፣ መቀመጥ የፈለገ ተራውን ፉርጎ ይይዛል አለችኝ። ታዲያ ቀኑን ምን ያደርጋሉ አልኳት። ቀኑንማ ኮሪደር ላይ ቆመው በመስኮት ያያሉ አለች። እኔ ለዘጠኝ ዓመት የሠራሁት የሚቆሙ ሰዎችን መቀመጫ ነው ማለት ነው? አንገቴን ደፋሁ። ይህን ጊዜ የጎረቤት ክፍል ተሳፋሪ ሰምቶን ኖሮ ብቅ አለ። ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው፣ ቁመቱ በር አያስገባውም። ኧረ እናንተ፣ በዕድሜዬ ጀርባዬን እንዲህ ያመሰገነኝ ወንበር የለም፣ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ አለ። እጁማ ይኸው ፊት ለፊቱ ነበር። እንግዲህ ወንበሩ ጥሩ ነው። ደግሞ መጥፎ ነው። አንቺ ፍረጂ።

ስመለስ ሆን ብዬ በተራው ፉርጎ መጣሁ። የዚያ ወንበር ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ የእጅ መደገፊያ አለው፣ እግር መሬት ይደርሳል። አምስት ሰዓት ተቀምጬ አልደነዘዝኩም። ግን መተኛ የለውም፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ መጸዳጃው ከወዲያኛው ጫፍ ነው። እማዬ እዚያ እንዴት ታድራለች? ቀን እዚያ ማታ እዚህ እንዳልል፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ ተብሎ የተፈቀደልኝ አንድ የመኝታ ክፍል ብቻ ነው። ወዲያ ስለው ወዲህ፣ ወዲህ ስለው ወዲያ ሆነብኝ።

ግራ መጋባቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አራተኛው ጣቢያ ላይ ስወርድ ግን አስተናጋጇ እጄን ይዛ፣ ለመሆኑ እናትህ ቁመቷ የት ይደርሳል ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ድረስ ብዬ ደረቴን አሳየኋት። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ከዚያ ከፍ። የተሰበረችውስ በየትኛው ዳሌዋ ነው አለችኝ፤ ቀኝ ከሆነ መስኮቱን በአንድ በኩል፣ ግራ ከሆነ በሌላ በኩል አድርጋ ትቀመጣለች። ቀኝ አልኩ። ግራ አልኩ። ስትቀመጥስ፣ ወደ ኋላ ትደገፋለች ወይስ ወደ ፊት ታጎነብሳለች? እኔው ደገፍም ጎንበስም ብዬ ሞከርኩት። ያን ጊዜ ሴትዮዋ አልሳቀችም። የእናት ነገር ነው፣ ጠይቅ ብላ ብቻ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

እትዬ፣ አንቺ ባለፈው ዓመት ዳሌዋን ተሰብራለች ብለሽ ስትጽፊልኝ የትኛውን ብዬ አልጠየቅሁሽም። ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ምርኩዝ፣ ሁሉን ጠየቅሁ፤ የትኛው ዳሌ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ደግሞ ከዚያ የባሰ አለ። በመልሱ ጉዞ መንገዱን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ እማዬን ላስቀምጣት ሞከርኩ፤ እምቢ አለችኝ። በእኔ ሐሳብ ውስጥ እማዬ ቆማ ነው ያለችው። ትሠራበት በነበረው ልብስ መተኮሻ ቤት በረጅሙ ጠረጴዛ ፊት፣ አንዱ እግሯ ሲደክማት በሌላው እየተካችው። ቤት ስትገባም ቆማ ነው፤ እኛ ስንበላ እኔ በልቻለሁ እያለች ከምድጃው ወደ ገበታው፣ ከገበታው ወደ ምድጃው። የእሷ የሚባል ወንበር ነበር አይደል? ልብሳችን ነበር የሚደረብበት። ተረከዟን ብትጠይቂኝ ስንጥቁን ሳይቀር እነግርሻለሁ። ስትቀመጥ ግን ምን እንደምትመስል አላውቅም። ለማላውቀው ሰው ሁሉ ዘጠኝ ዓመት መቀመጫ ስሰፋ ኖሬ የእናቴን አቀማመጥ አላውቅም። ሰው መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

በማግስቱ ለውሃልክ መቀመጫው አይመችም አልኩት። አላመነኝም። ጥገና የገባ አንድ ክፍል ውስጥ ይዞኝ ገባና ውሃ ልኩን አጋደማት፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ይኸው፣ እንከን የለውም አለኝ። ሰው ውሃ ነው እንዴ ልለው አስቤ ዋጥኩት። እናቴ ናት የምትቀመጥበት፣ ዳሌዋ ተሰብሯል ብቻ አልኩት። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየና በሩን ዘግቶ፣ ውሃ ልኩን ኪሱ ከቶ፣ ተቀመጠ። ደገፍ ሲል እግሩ ተነሳ፤ እሱም እንደኔ አጭር ነው። ወደ ፊት መጣ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ቦታውን በእጁ ጠረገና የሰፋው ማን ነው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ስፌቱ ጥሩ ነው ብሎኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ሲያልፍ፣ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚጠረገው፣ የተጠረገ ነገር ወዴት እንደሄደ አይጠየቅም አለኝ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

እንግዲህ የማደርገውን ስሚኝ። የክፍሉን መቀመጫ መንካት ክልክል ነው፤ ተሳፋሪ የራሱን ትራስ ይዞ እንዳይገባ ግን የሚከለክል የለም። ከጀርባዋ ገብቶ ያን ጥልቀት የሚሞላ መደገፊያ፣ ከታች የሚነጠፍ ለስለስ ያለ፣ ከእግሯ ሥር የሚሆን ጠንካራ መርገጫ ቤቴ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት እንደጻፍሽልኝ ሐኪሙ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ እንዳይል፣ እግሯም እንዳይንጠለጠል ብሎሻልና በግምት የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ የአባዬን ሲባጎ እፈልጋለሁ። ጫማ ሊገዛልን ሲሄድ እግራችንን በሲባጎ ለክቶ፣ ያንቺ ሁለት ቋጠሮ፣ የእኔ አንድ ቋጠሮ እያለ ኪሱ ይከት የነበረውን ታስታውሺያለሽ። አንድ ዓመት ቋጠሮው ተምታቶበት በአንቺ ልክ የተገዛ ባለ አበባ ጫማ አድርጌ የከረምኩትንም አልረሳሽውም፤ አንቺ ሳትስቂ የቀረሽበት ቀን አልነበረምና።

እማዬን ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጪያት፣ ለመንገድ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ። ከተረከዟ እስከ ቋንጃዋ ያለውን ለክተሽ ቁረጪና አንድ ቋጠሮ። ከጀርባዋ እስከ ቋንጃዋ ሁለት ቋጠሮ። ከመቀመጫዋ እስከ ትከሻዋ ሦስት ቋጠሮ። አደራ አይምታታብሽ፣ የአበባውን ጫማ ለእሷም እንዳላደርስባት። የትኛው ዳሌዋ እንደሆነ በወረቀት ጻፊልኝ። ስትቀመጥ ወዴት እንደምታዘነብል፣ እጇን የት እንደምታሳርፍም ጻፊልኝ። አራት መስመር አይበቃም እትዬ፣ ለዛሬ ቃል አትቆጥቢ። እንደደረሰሽ ቶሎ ላኪው፤ ቀኑን በፊርማዬ እስከ ጥር አሥራ ስምንት ካላረጋገጥኩ ክፍሉ ለሌላ ሠራተኛ ቤተሰብ ያልፋል፣ እኔም ሳላውቅ ፈርሜ ሃያ ስድስት ሰዓት ላሠቃያት አልደፍርም። ይህ ቀጠሮ ካመለጣት ደግሞ የሚቀጥለው ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ አጥንቱ እንደጠመመ ከጸና በኋላ። ሲባጎው ከደረሰልኝ ራሴ መጥቼ ነው የምወስዳት። ታጣፊዋ ላይ እኔ እቀመጣለሁ፣ ግንባሬ ለምዷታል።

እንግዲህ አዎም አይም አላልኩሽም። ተቆጪኝ። መልሱ ያለው እናንተ ቤት ነው እንጂ እኔ ጋ አይደለም።

ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ምሳውን በሰዓቱ ይብላ በይው። ለልጅሽ በጥርሷ ክፍተት በኩል ሳሚልኝ፤ የሲባጎውን አንዱን ጫፍ እሷ ትያዝልሽ፣ አያቷ ለእሷ ስትል አትነሳም። ለልብስ ሰፊው ሰላም በይልኝ፣ እማዬ ስለ ወንበሩ ያወራችለትን እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እንዳይረሳው ንገሪው።

ለእማዬ ይህችን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። እትዬ ሲባጎ ይዛ ስትመጣ፣ ሥራ አለኝ ሳትዪ፣ ደህና ነኝ ሳትዪ፣ ለክታ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጪልኝ። አንቺ ስትቀመጪ አይቼሽ አላውቅም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፉርጎ ጥገናው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥር 6 ቀን